የእሑድ ትምህርት፦ ኮምፒውተርም እንደ ቡና በደረጃና በምርት ዘመን ይገዛል



ዛሬ እሑድ ነው፣ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም። ኒውዮርክ ዝግ ነው፣ እህል በረንዳም ቀዝቅዟል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ የነበረውን ነገር ላውራችሁ። ነገሩ ቡናም ጤፍም አይደለም። ግን ቡናና ጤፍ የምንሸጥበት ዕቃ ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ዩኒየን የገበያ ክፍል ኃላፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሦስት ፕሮፎርማ መጥቶልናል። ሦስቱም ኮር አይ7 ይላል፣ 8 ጊጋ ራም ይላል፣ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። አንተ እነዚህን ነገሮች ትነካካለህ፣ የትኛውን እንግዛ?» አሉኝ። ፕሮፎርማዎቹን በቴሌግራም ላኩልኝ። አይቼ ስጨርስ መልሼ ደወልኩና «ጋሼ፣ አንዱንም እንዳይገዙ» አልኳቸው።

ደነገጡ። «እንዴ! ለምን?»

«ጋሼ፣ አንድ ሰው መጥቶ ይርጋጨፌ አለኝ ቢልዎት፣ ደረጃውን ሳይነግርዎት፣ የምርት ዘመኑን ሳይነግርዎት፣ ናሙና ሳያሳይዎት ይገዙታል?»

ሳቁ። «አልገዛም።»

«እነዚህ ሰዎች ኮር አይ7 ብቻ ነው ያሉዎት። እሱ እኮ ይርጋጨፌ እንደማለት ነው። የየትኛው ዓመት?»

ይህንን ለእሳቸው ያስረዳሁትን ነው ዛሬ ለሁላችሁም የምጽፈው። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፣ ዲፕሎማዬ የቢዝነስ ነው። ግን በኪሴ ተምሬዋለሁ።

👉 በኪሴ የተማርኩት

ቢሮዬ ካዛንቺስ በነበረ ጊዜ (ሰፈሩ በ2017 መጀመሪያ በመልሶ ማልማት ሳይነሣ በፊት ማለቴ ነው) ከአንድ ሱቅ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ኬዙ ያምራል፣ ፊቱ መስታወት ነው፣ ውስጡ ቀይ መብራት ይበራል። ፓወር ሳፕላዩ ላይ «500 ዋት» ተጽፏል። በእጄ ሳነሣው ቀለለኝ፤ ግን ምን አውቄ።

አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ። ሲመለስ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ፓወር ሳፕላዩ ብቻውን አልሞተም፣ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሄደ። በዚያው ቀን ለአንድ ገዥ የሁለት ኮንቴይነር ቡና ኦፈር መላክ ነበረብኝ። ሁለት ኮንቴይነር ማለት በ60 ኪሎ ጆንያ 640 ጆንያ ነው። የወጪ ሂሳቤ፣ የናሙና ቁጥሬ፣ የአቅራቢው ዝርዝር በሙሉ እዚያ ዲስክ ላይ ነው። ከስልኬ ላይ ሰብስቤ እስክልክ በማግስቱ ረፋድ ሆነ። ገዥው ከሌላ ሰው ጋር ዘግቷል። የቀረብኝ ኮሚሽን ሦስት ጥሩ ኮምፒውተር ይገዛ ነበር። ከሁሉም የቆጨኝ ደግሞ የሁለት ዓመት የደንበኛ መዝገቤ ነው፤ እስከ ዛሬ ያልተካፈልኩት ኮሚሽን አለ፣ ማስረጃው ስለጠፋ።

ከዚያ በኋላ ነው ዕቃውን አንድ በአንድ እየገዛሁ፣ ከአንድ ጎበዝ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ ራሴ መገጣጠም የጀመርኩት። አሁን ቂርቆስ ባለችው ቢሮዬ ሁለት አሉ፣ ሁለቱም በእጄ የተሠሩ ናቸው።

👉 መጀመሪያ ሥራውን እንለይ

የኛ ሥራ ምንድነው? ኤክሴል፣ አሥራ አምስት የተከፈተ የብራውዘር ገጽ፣ ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ አንዳንዴ ዙም፣ የምርት ገበያው የኤሌክትሮኒክ ግብይት፣ የባንክና የጉምሩክ ሰነድ። ይኼ ጌም አይደለም፣ የቪዲዮ ቅንብርም አይደለም። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጠው ውድ የግራፊክስ ካርድ አያስፈልገንም። በጀታችሁን ግማሽ የሚበላው እሱ ነውና ከዝርዝሩ ሰርዙት።

ለዩኒየኖች አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያውን የሚያሳይ ካርታ፣ ከዚያ በታች ላለው ቢያንስ አንድ የመገኛ ነጥብ። የሕጉ ተግባራዊነት ሲገፋ ቆይቷል፣ ግን ገዥዎች ከአሁኑ እየጠየቁ ነው። የሺዎች አርሶ አደሮች ማሳ በካርታ ላይ ሲከፈት አሮጌ ኮምፒውተር ቀጥ ይላል። ስለዚህ ለእናንተ ከዚህ በታች የምጽፈው ዝቅተኛው ነው።

👉 1. ፕሮሰሰር፦ ስሙን ሳይሆን የምርት ዘመኑን አንብቡ

ኢንቴል ፕሮሰሰር ስሙ እንዲህ ይጻፋል፦ አይ7-2600። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይነግራችኋል። 2600 ማለት ሁለተኛ ትውልድ፣ የ2011 (እ.ኤ.አ.) ዕቃ ነው። 4570 አራተኛ ትውልድ ነው። አምስት አሃዝ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንብቡ፤ 12100 ማለት 12ኛ ትውልድ ነው።

አሁን ልብ በሉ። በ2022 የወጣው አይ3-12100፣ ስሙ «አይ3» ሆኖ ሳለ፣ ያንን የ2011 አይ7 በሰፊ ልዩነት ይቀድመዋል። የዘንድሮ ደረጃ 3 ከአሥር ዓመት በፊት መጋዘን ከገባ ደረጃ 1 ቡና ይሻላል እንደማለት ነው። ለጋሼ ከመጡት ፕሮፎርማዎች አንዱ ላይ ሻጩን ሙሉ ስሙን ሲጠይቁት «አይ7-2600» ብሎ መለሰ። በቃ፣ አሮጌ ምርት በአዲስ ጆንያ።

ሌላም ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ፣ ከራይዘን ደግሞ ከ2000ዎቹ በታች ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። በጉልበት የሚጭኑላችሁ አሉ፤ የባንክ ሰነድ በሚከፈትበት ማሽን ላይ ግን እኔ አልመክርም።

ለዝቅተኛ በጀት ሁለት ምርጫ አለኝ፦

✅ ኢንቴል ኮር አይ3-12100፦ 4 ኮር አለው። ለኤክሴልና ለቢሮ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።
✅ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ፦ 6 ኮር አለው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ለሚከፍት ሰው ይመረጣል።

⚠️ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል አትዝለሉ። 12100ኤፍ ከተባለ፣ «ኤፍ» ማለት ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ውስጡ የለም ማለት ነው። ራይዘን 5 5600 ያለ «ጂ» ከሆነም ያው ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ ትገዙትና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ የግራፊክስ ካርድ ግዙ ትባላላችሁ።

👉 2. ማዘርቦርድ፦ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚጋባ ይሁን

ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል። 12100 የሚቀመጠው ኤልጂኤ1700 በሚባለው ላይ ነው፤ ርካሹ ቦርድ ኤች610 ነው። 5600ጂ የሚቀመጠው ኤኤም4 ላይ ነው፤ ርካሾቹ ኤ520 እና ቢ450 ናቸው። ቢ450 አሮጌ ከሆነ ፕሮሰሰሩን እንዲያውቀው ባዮሱን ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሻጩ ፊታችሁ አድሶ፣ አብርቶ ያሳያችሁ።

ኤች610 ስትገዙ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ዲዲአር4 ራም፣ አንዳንዱ ዲዲአር5 ራም ነው የሚቀበለው። የአንዱ ራም በሌላው ቦታ አይገባም፣ ጥርሱ ይለያያል። ለርካሽ ሥራ ዲዲአር4 የሚቀበለውን ያዙ።

👉 3. ራም፦ ይኼ እኮ የኛው ገበያ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ ቻናል ሰው ከማንም በላይ የሚረዳው ነገር ነው። ራም ሸቀጥ ነው። እንደ ቡና የዕለት ገበያ ዋጋ አለው፣ የኮንትራት ዋጋም አለው። በዓለም ላይ አብዛኛውን የሚያመርቱት ሦስት ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን። ብራዚል ላይ ውርጭ ሲመታ ጅማ ላይ ዋጋ እንደሚንቀሳቀስ ሁሉ፣ እነዚህ ሦስቱ ፊታቸውን ሲያዞሩ መርካቶ ላይ ያለው ራም ይንቀሳቀሳል።

ፊታቸውን አዙረዋል። ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች የሚፈልጉትን ሜሞሪ ለማምረት አቅማቸውን ወደዚያ ወሰዱ። ማይክሮን ለተራው ገዥ የሚሸጥበትን ክሩሻል የሚባለውን ብራንዱን እንደሚያቆም በኅዳር 2018 አስታወቀ። የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ ዘለለ። በዚያ ላይ የእኛ ዶላር አለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ኤክስፖርተር በዶላሩ ቢደሰትም ኮምፒውተር ሲገዛ መልሶ ይከፍለዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እንደ ነጋዴ እናስብ። «ርካሽ ሲሆን እገዛለሁ» ብሎ ኮምፒውተር አልባ መቀመጥ ትርፍ የለውም። ግን ከሚያስፈልገን በላይ አንግዛ። ለኛ ሥራ 16 ጊጋ ይበቃል። 32 ጊጋ የሚላችሁ ሰው ዕቃ ሊያራግፍ ነው።

16ቱን ደግሞ በሁለት ባለ 8 አድርጋችሁ ግዙ፣ በአንድ ባለ 16 አይደለም። አንድ በር ያለው መጋዘንና ሁለት በር ያለው መጋዘን አስቡ፤ ጆንያው ያው ነው፣ ባለ ሁለት በሩ ግን ቶሎ ይጭናል። በተለይ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲሆን የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ስለሆነ ልዩነቱ ይታያል። በጀት ካጠረ ለጊዜው አንድ ባለ 8 አስገቡና ሁለተኛውን ቦታ ክፍት ተዉት። አሮጌ ዲዲአር4 ያለው ዴስክቶፕ ቢሮ ውስጥ ካለ ደግሞ ራሙን ነቅሎ ማዛወር ይቻላል። የላፕቶፕ ራም ግን አጭር ስለሆነ አይገባም።

👉 4. ዲስክ፦ ቆጥባችሁ የማትቆጩበት ቦታ አይደለም

ተራው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያነባል። ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ገደማ። ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ደግሞ ደህናው 3,000 ያልፋል። ቁጥሩን ተዉት፤ ኮምፒውተሩን አብርታችሁ ቡና እስኪቀዳ ከመጠበቅና ወዲያው ሥራ ከመጀመር ያለው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ይበቃል። ሰነድና ኤክሴል ቦታ አይበላም።

አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካላችሁ አትጣሉት፣ መጠባበቂያ አድርጉት። መዝገባችሁ ሦስት ቦታ ይኑር፤ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ፣ እና ኢንተርኔት ላይ ወይም ሌላ ቤት። እኔ ይህንን ባደርግ ኖሮ የኮሚሽኔ ማስረጃ አይጠፋም ነበር።

👉 5. ፓወር ሳፕላይ፦ ሁሉም የሚቆጥብበት፣ ሁሉም የሚቃጠልበት

ከኬዝ ጋር በነፃ የሚመጣውን አትመኑ። ነፃ አይደለም፣ ማዘርቦርዳችሁን ነው የምትከፍሉት። የኛ ማሽን ከስክሪኑ ጋር ሥራ በዝቶበት እንኳ 150 ዋት የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር አንፈልግም፣ እውነተኛ ቁጥር እንፈልጋለን። ከታወቀ አምራች የሆነ፣ «80 ፕላስ ብሮንዝ» የሚል ምልክት ያለው፣ 450 ዋት ይበቃል። አንሡት፤ በጣም ከቀለለ ተዉት። ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ጆንያ ስናነሣ እጃችን እንደሚነግረን ሁሉ ይህም ይነግራል።

👉 6. ዩፒኤስ፦ የዕቃው አካል ነው

በአዲስ አበባ መብራት ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ አልጨረሳችሁትም ማለት ነው። ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም፤ 650 ቪኤ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው 360 ዋት አካባቢ ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ዓላማው ቀኑን ሙሉ መሥራት አይደለም፤ ኦፈሩን ልካችሁ፣ ፋይሉን አስቀምጣችሁ በሥርዓት የምትዘጉበትን ደቂቃ መስጠት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፣ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም የመሬት መስመር እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥላችሁ፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም።

👉 ብሩን እንዴት እንከፋፍለው?

ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ ከወር በኋላ ለሚያነበው ውሸታም እሆናለሁ። ከ100 ብር እንዴት እንደማካፍለው ልንገራችሁ (ስክሪኑ ለብቻው ነው)፦

ፕሮሰሰር — 23
ራም — 20
ማዘርቦርድ — 17
ዩፒኤስ — 12
ኤስኤስዲ — 11
ፓወር ሳፕላይ — 11
ኬዝ — 6

ኬዙን ልብ በሉ፤ 6 ብር ብቻ። ደንበኛ ቢሮ ሲገባ የሚያየው እሱን ነው፣ ሻጭ የሚያሳምረውም እሱን ነው፣ ሥራ የማይሠራው ግን እሱ ነው። አቧራ እንዳይገባ ወንፊት ያለው፣ አየር የሚያስገባ ቆርቆሮ ይበቃል።

👉 ያገለገለ ልግዛ ወይ?

ያገለገለ ቢገዛ የማይጎዳ፦ ስክሪን፣ ኬዝ፣ ፕሮሰሰር። ፕሮሰሰር በቀላሉ አይበላሽም። ስክሪን ስትገዙ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ እንዳለው እዩ።

ያገለገለ የማይገዛ፦ ፓወር ሳፕላይ፣ ዲስክ፣ የዩፒኤስ ባትሪ። እነዚህ በዕድሜ ያልቃሉ።

ሙሉ ያገለገለ ማሽን ብቻ ነው የምችለው ለሚል ሰውም መንገድ አለ። ከውጭ ቢሮዎች የሚወጡ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑ ዴስክቶፖችን ፈልጉ። አዲስ ኤስኤስዲ አስገቡበት፣ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ቡሬ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ላፕቶፕ ይግዛ፤ ዴስክቶፕ የቢሮ ዕቃ ነው።

👉 ሳትከፍሉ ናሙና ቅመሱ

ሱቁ ውስጥ ማሽኑን አብሩት። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና ስንት ቦታ እንደያዘ፣ የዲስኩ ዓይነት ይታያል። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል። ሻጩ «ምን አለፋችሁ፣ እኔ ልንገራችሁ» ካለ፣ ናሙና አላስቀምስም ያለን ቡና ሻጭ አስቡ።

👉 ለዩኒየኖችና በጨረታ ለምትገዙ

ችግራችሁ ይገባኛል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን መምረጥ ደንብ ነው። ነገር ግን ዝቅተኛ ዋጋ የሚሠራው ሦስቱም አንድ ዕቃ ላይ ዋጋ ሲሰጡ ነው። የቡና ኮንትራት ላይ «እርጥበት ከ11.5 በመቶ ያልበለጠ» ብለን እንደምንጽፈው፣ ጥያቄያችሁ ላይ ይህንን ገልብጣችሁ ጻፉ፦

«ፕሮሰሰር ኮር አይ3-12100 ወይም ራይዘን 5 5600ጂ ወይም የተሻለ፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለው፣ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩ ይጠቀስ። ራም 16 ጊጋ ዲዲአር4፣ ሁለት ባለ 8። ዲስክ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ አዲስ። ፓወር ሳፕላይ 450 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ፣ አምራቹና ሞዴሉ ይጠቀስ። ዩፒኤስ 650 ቪኤ። የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። የአንድ ዓመት ዋስትና በጽሑፍ። ክፍያ የሚፈጸመው ዕቃው በርቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።»

«የእያንዳንዱ ዋጋ ለየብቻ» የምትለዋን እንዳትረሱ። በድምሩ ውስጥ የሚደበቀው ነገር የሚወጣው በእሷ ነው።

ጋሼ ይህንን ጽፈው ለሦስቱም ሻጮች መልሰው ላኩ። አንዱ ስልክ አላነሣም። ሁለቱ አዲስ ፕሮፎርማ ልከዋል፣ አሁን ዋጋቸው ተቀራርቧል። ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ይወስናል። ትናንት ሲደውሉልኝ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አንተ ልጅ፣ ገንዘቡ እኮ የገበሬው ነው። አሮጌ ዕቃ ብገዛበት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በየትኛው ፊቴ እቆም ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ለራሱ የሚገዛ ሰው ቢሳሳት ኪሱ ይጎዳል። በአደራ ገንዘብ የሚገዛ ግን ቁጥሯን አንብቦ ይግዛ።

ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩት። ጥያቄ ካለ ከሥር ጻፉልኝ፣ የፕሮፎርማ ፎቶ ስትልኩ የሻጩን ስምና ስልክ ሸፍናችሁ ላኩ።

ነገ ጠዋት በዋጋ እንገናኛለን። መልካም እሑድ! ☕